ከጉዳት ለማገገም ከሩጫ ማረፍ፦ የጅማ ሯጮች ደጋግመው የሚጠይቋቸው ጥያቄዎች

ይህ ገጽ የተዘጋጀው በጅማና በአካባቢዋ ለሚሮጡ ሰዎች ነው፤ በክለብ ታቅፈው ለሚሠለጥኑ ወጣቶችም ሆነ ለጤናቸው ሲሉ ማለዳ ሶምሶማ ለሚወጡ ተማሪዎች፣ ሠራተኞችና ጡረተኞች። መልሶቹ በሐኪም የሚደረገውን ምርመራ አይተኩም፤ ወደ ሐኪም መቼ መሄድ እንደሚገባና እስከዚያው ምን ማድረግ እንደሚቻል ግን ያሳያሉ። ከመጀመሪያው ግልጽ መሆን ያለበት አንድ ነገር አለ። የዕረፍቱን ርዝመት የሚወስነው ሕመሙ የጠፋበት ቀን ሳይሆን የተጎዳው የአካል ክፍል የሩጫን ጫና ዳግም መሸከም የሚችልበት ቀን ነው፤ ብዙ ሯጭ ለሁለተኛ ጊዜ የሚጎዳውም በእነዚህ በሁለቱ ቀኖች መካከል ነው።

ሩጫ ማቆም ያለብኝ ሕመሙ ምን ያህል ሲሆን ነው?

ልምምድ ባለበት ሁሉ የጡንቻ መዛል አለ። ጠዋት ሲነሱ ሁለቱም ባቶች ቢጠነክሩ፣ ጭን ቢከብድና ይህ ሁሉ በሁለት ወይም በሦስት ቀን ውስጥ ቢለቅ የልምምድ ድካም እንጂ ጉዳት አይደለም። ጉዳት የሚታወቀው በሌላ መንገድ ነው፤ ሕመሙ በአንድ እግር ብቻ ይሆናል፣ በጣት ሊጠቆም በሚችል አንድ ቦታ ይቀመጣል፣ ርቀቱ በጨመረ ቁጥር ይብሳል፣ አረማመድንም ይለውጣል። በእኔ እምነት የመጨረሻው ምልክት ከሁሉም ይበልጣል። እያነከሰ የሚሮጥ ሰው የታመመውን እግር ለማዳን ሲል ጤነኛውን እግር፣ ዳሌውንና ወገቡን ያለ መጠን ያስጨንቃል፤ ስለዚህ ማነከስ ከጀመሩ የዚያን ቀን ሩጫ እዚያው አቁመው በባጃጅ ወደ ቤት መመለስ አለብዎት።

በቅልጥም ላይ የሚሰማ ሕመም ብዙውን ጊዜ ስለሚያወዛግብ ቀላል የሆነ የመጀመሪያ ፍተሻ በቤት ውስጥ ማድረግ ይቻላል። ወንበር ላይ ተቀምጠው የታመመውን እግር በሌላው ጉልበት ላይ ያሳርፉ፤ ከዚያም የቅልጥሙን አጥንት የውስጥ ጠርዝ ከቁርጭምጭሚት ጀምረው ወደ ላይ በአውራ ጣት ጫን እያሉ ይፈትሹ። ሕመሙ አንድ ጋት ያህል ርዝመት ባለው ጠርዝ ላይ ተሰራጭቶ ከተገኘ አጥንቱን የሚሸፍነው ስስ ልባስና በዚያ የተያያዙት ጡንቻዎች ተቆጥተው ሊሆን ይችላል። ሕመሙ ሳንቲም በምታህል አንድ ቦታ ብቻ ከሆነና ሲጫኑት ከወንበር የሚያስነሳ ዓይነት ከሆነ፣ በተለይም ሌሊት ተኝተውም የሚጠዘጥዝዎት ከሆነ፣ በተደጋጋሚ ጫና የሚመጣ የአጥንት ስንጥቅ መሆኑን መጠርጠርና እስኪመረመሩ ድረስ ጨርሶ አለመሮጥ ይገባል። ሯጭ ሆኖ ብሽሽቱ ውስጥ ጠልቆ የሚሰማ ሕመም ያለበት ሰው ደግሞ አንድም ቀን መጠበቅ የለበትም፤ የጭን አጥንት አንገት ስንጥቅ ችላ ከተባለ ወደ ሙሉ ስብራት ሊያድግና ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልገው ይችላል።

ዕረፍቱ ምን ያህል ጊዜ ይፈጃል?

ይህ ጥያቄ ከሁሉም አብልጦ ይጠየቃል፤ አንድ ቁጥር ብቻ የሚሰጥ መልስ ግን ሊታመን አይገባም፣ ምክንያቱም ጡንቻ፣ ጅማትና አጥንት የሚድኑበት ፍጥነት የተለያየ ነው። ጡንቻ ደም በብዛት ስለሚደርሰው ቶሎ ይድናል፤ ቀላል የጡንቻ መሳሳብ ከ1 እስከ 3 ሳምንት፣ የተወሰነ ክፍሉ የተቀደደ ጡንቻ ከ4 እስከ 8 ሳምንት ይወስዳል። ቀላል የቁርጭምጭሚት ወለምታ በ1 ወይም በ2 ሳምንት ወደ መራመድና ወደ ቀላል ሶምሶማ ሊያደርስ ይችላል፤ ጅማቱ የተቀደደበት ከባድ ወለምታ ግን እስከ 3 ወር ሊቆይ ይችላል።

አኪለስ የሚባለው የተረከዝ ጅማትና በውስጥ እግር ሥር የተዘረጋው ሰፊ ጅማት ቀስ ብለው የሚድኑ ናቸው፤ የ12 ሳምንት የማጠንከሪያ ልምምድ የተለመደ መነሻ ሲሆን ከዚያም ሊረዝም ይችላል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ጅማት በመተኛት ብቻ አይድንም። ለሁለት ወር ምንም ሳይሠራ የተቀመጠ ሰው ሕመሙ ጠፍቶለት ይነሣል፤ ጅማቱ ግን ጫና ስላጣ ከቀድሞው ይበልጥ ደክሟል፣ ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ የሩጫ ቀናት ሕመሙ ይመለሳል። ለጅማት የሚያስፈልገው ዕረፍት ከሩጫ እንጂ ከሥራ አይደለም።

አጥንት የሚድንበት መንገድ ደግሞ ከዚህ የተለየ ነው። በተደጋጋሚ ጫና የተጎዳን አጥንት ሰውነት የሚጠግነው አስቀድሞ የተጎዳውን ክፍል አፍርሶ በማስወገድ ነው፤ አዲሱ አጥንት የሚሠራውና የሚጠነክረው ከዚያ በኋላ ነው። በዚህ ሂደት መካከል አጥንቱ ለተወሰኑ ሳምንታት ከቀድሞው የሳሳ ይሆናል፤ ሕመሙ ግን ከመጀመሪያዎቹ የዕረፍት ሳምንታት በኋላ ሊጠፋ ይችላል። «ዳንኩ» ብሎ በ3ኛው ሳምንት ሜዳ የሚወጣ ሯጭ የሚጎዳው በዚህ ምክንያት ነው። ለቅልጥም የውስጥ ጠርዝና ለአብዛኞቹ የእግር መዳፍ አጥንቶች ከ6 እስከ 8 ሳምንት ከሩጫ መራቅ የተለመደ ነው፤ ለጭን አጥንት አንገትና በእግር ቅስት አናት ላይ ላለው ትንሽ አጥንት ግን 3 ወርና ከዚያ በላይ ሊያስፈልግ ይችላል፤ ክትትሉም የሐኪም ሥራ ነው።

ራጅ ተነሥቼ ምንም የለም ተብያለሁ፤ ታዲያ ለምን ያመኛል?

በተደጋጋሚ ጫና የሚመጣ የአጥንት ስንጥቅ በመጀመሪያዎቹ 2 ወይም 3 ሳምንታት በራጅ ላይ ብዙውን ጊዜ አይታይም። በራጅ ላይ የሚታየው ስንጥቁ ሳይሆን በኋላ አጥንቱ ራሱን ሲጠግን የሚፈጠረው አዲስ አጥንት ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ራጅ ንጹሕ መሆኑ የመሮጥ ፈቃድ አይደለም፤ ሐኪሙ ስለ ልምምድዎ፣ ስለ ርቀቱና ሕመሙ ስለጀመረበት ሁኔታ በዝርዝር እንዲያውቅ አድርገው ከ2 ወይም ከ3 ሳምንት በኋላ ምርመራው እንዲደገም መጠየቅ ይችላሉ። የውስጥ አካልን በመግነጢስ ኃይል የሚያነሣው ኤም አር አይ የተባለው ምርመራ ጉዳቱን በመጀመሪያው ደረጃ ያሳያል፤ ዋጋው ግን ለብዙ ሰው ከባድ ስለሆነ፣ ምልክቱ ግልጽ በሆነበትና ቦታው አደገኛ ባልሆነበት ሁኔታ ስንጥቅ እንዳለ ቆጥሮ ማረፍ ተገቢ ውሳኔ ነው።

ወጌሻ ዘንድ ልሂድ ወይስ ሆስፒታል?

በጅማና በዙሪያዋ ባሉ ወረዳዎች ወለም ያለው ሰው አስቀድሞ ወደ ወጌሻ መሄዱ የተለመደ ነው። ወጌሻው ቅርብ ነው፣ ወረፋ የለውም፣ ክፍያው ቀላል ነው፣ ቤተሰብም ያውቀዋል። ይህን ሁሉ በንቀት ማለፍ ትክክል አይደለም፤ ልምድ ያላቸውና ከአቅማቸው በላይ የሆነውን ጉዳት ራሳቸው ወደ ሆስፒታል የሚልኩ ወጌሻዎች አሉ። ቢሆንም ሯጭ ሊያልፋቸው የማይገቡ ድንበሮች አሉ፤ እነዚህን በትኩረት እንዲያነቡልኝ እለምናለሁ።

አጥንት ተሰብሯል ወይም ተሰንጥቋል ተብሎ በሚጠረጠርበት ቦታ ላይ ማሸት ፈጽሞ አይገባም፤ የተሰነጠቀውን አጥንት ሊያናጋው ይችላል። ትኩስ ጉዳትንም፣ ማለትም ገና ያበጠና የሚያቃጥል ወለምታን፣ በመጀመሪያዎቹ 2 ወይም 3 ቀናት በኃይል ማሸት የውስጥ መድማትን ያባብሳል። ከሁሉም የከፋው ግን አጥብቆ ማሰር ነው። በቀርከሃ ወይም በእንጨት ተደግፎ በጨርቅ የታሰረ እግር በውስጡ እብጠቱ ሲጨምር የደም ዝውውሩ ይቋረጣል፤ በአገራችን ሆስፒታሎች በዚህ ምክንያት እግራቸውንና እጃቸውን ያጡ፣ ብዙዎቹም ሕፃናትና ወጣቶች የሆኑ ሰዎች አሉ። ከታሰሩ በኋላ ጣቶችዎ ከቀዘቀዙ፣ ከደነዘዙ፣ ከገረጡ ወይም ከጠቆሩ፣ ወይም ሕመሙ ከመታሰርዎ በፊት ከነበረው ከባሰ፣ ሌሊትም ቢሆን ማሰሪያውን ፈትተው ወዲያውኑ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። የአሳሪውን ስሜት መጠበቅ ከእግር አይበልጥም።

ከጉዳቱ በኋላ አራት እርምጃ መራመድ ያቃተው፣ የቁርጭምጭሚቱ አጥንት ራሱ ሲነካ የሚያመው፣ የአካሉ ቅርጽ የተለወጠ ወይም ከተረከዙ በላይ የመበጠስ ድምፅ ሰምቶ በጣቶቹ መቆም ያልቻለ ሰው በቀጥታ ወደ ሆስፒታል መሄድ አለበት። በከተማው የሸነን ጊቤ ሆስፒታል አለ፤ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ደግሞ ከደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ከባድ ጉዳቶች የሚላኩበት ቦታ ነው። ሳይመታ ወይም ሳይወለም ባቱ በአንድ በኩል ያበጠና የሚያቃጥለው ሰውም፣ በተለይ እግሩ በጀሶ ታስሮ ከነበረ፣ የደም መርጋት ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን መታየት ይኖርበታል።

የሕመም ማስታገሻ ወስጄ መሮጥ እችላለሁ?

አይችሉም ማለት ይሻላል። ከፋርማሲ በቀላሉ የሚገዙት ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ሕመሙን እንጂ ጉዳቱን አያነሡም፤ ሕመም ደግሞ የተጎዳው ቦታ ምን ያህል ጫና እንደሚችል የሚነግርዎት ብቸኛው መረጃ ነው። እነዚህን መድኃኒቶች በባዶ ሆድ መውሰድ ጨጓራን ይጎዳል፤ ላብ ባሟጠጠው ሰውነት ላይ ወስዶ ረጅም ርቀት መሮጥ ደግሞ ኩላሊትን ለአደጋ ያጋልጣል። ለጥቂት ቀናት እንቅልፍ ለማግኘት በሐኪም ምክር መውሰድ ሌላ ነገር ነው፤ ያን ጊዜም አይሮጡበትም።

መርፌን በተመለከተ ጥንቃቄው የበለጠ ነው። ኮርቲዞን የተባለውን እብጠትና ቁጣ የሚቀንስ መድኃኒት በአኪለስ ጅማት ውስጥ መወጋት ጅማቱን አድክሞ ሊያስበጥሰው ይችላል። በውድድር የሚሳተፉ አትሌቶች ደግሞ ዓለም አቀፉ የፀረ አበረታች ቅመሞች ኤጀንሲ ከጥር 1 ቀን 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይህን የመድኃኒት ቤተሰብ በየትኛውም ዓይነት መርፌ መውሰድን በውድድር ጊዜ እንደከለከለ ማወቅ አለባቸው። «የሕመም መርፌ ነው» ተብሎ የሚሰጥዎትን ሁሉ ስሙን ጠይቀውና ጽፈው ይያዙ።

በረዶ ልያዝበት ወይስ በሙቅ ውኃ ልዘፍዝፈው?

በትኩስ ጉዳት ላይ ቀዝቃዛ ነገር በጨርቅ ጠቅልሎ ለ15 ደቂቃ ያህል መያዝ ሕመሙን ያቀልላል፤ ማዳኑን ያፋጥናል ማለት ግን አይደለም። ሙቀት እብጠቱ ከወረደ በኋላ ለተኮማተረ ጡንቻ ይመቻል። ሁለቱም የዕረፍቱን ጊዜ አያሳጥሩም።

በዕረፍቱ ምክንያት ትንፋሼና ብቃቴ ይጠፋል?

የተወሰነው ይቀንሳል፤ ሰው የሚፈራውን ያህል ግን አይደለም። በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚቀንሰው በዋነኛነት የደሙ ፈሳሽ መጠን ነው፤ በዚህ ምክንያት ከ10 ቀን ዕረፍት በኋላ ሲሮጡ ልብ ቶሎ ቶሎ ይመታል። በደንብ የሠለጠኑ ሰዎች ጨርሰው ልምምድ ሲያቆሙ ሰውነታቸው ኦክስጅን የመጠቀም አቅሙ በ3 ሳምንት ውስጥ ወደ 7 በመቶ ገደማ፣ በ8 ሳምንት ወደ 16 በመቶ ገደማ ይወርዳል፤ ከዚያ በኋላ እምብዛም ሳይወርድ ይረጋል። ይህ ምንም ሳይሠራ የተቀመጠ ሰው ነው፤ በዕረፍቱ ጊዜ ልቡን በሌላ እንቅስቃሴ የሚያሠራ ሰው የሚያጣው ከዚህ በጣም ያነሰ ነው።

ከትላልቆቹ አትሌቶቻችን ታሪክ በዚህ ረገድ የሚጠቅም ብዙ ነገር አለ። ቀነኒሳ በቀለ በ2010 እ.ኤ.አ. በባት ጉዳት ምክንያት ከውድድር ውጭ ሆኖ ከረመ። በነሐሴ 2011 በደቡብ ኮሪያዋ ዴጉ ከተማ በተካሄደው የዓለም ሻምፒዮና በ10,000 ሜትር ውድድር ሲመለስ ሩጫውን ሳይጨርስ ወጣ፤ ሳምንታት ቆይቶ በመስከረም ወር በብራስልስ ያንኑ ርቀት በ26 ደቂቃ ከ43 ሰከንድ አሸነፈ። ከጉዳት ሲመለሱ የመጀመሪያው ቀን መጥፎ መሆኑ የመጨረሻውን እንደማይወስን ይህ ያሳያል።

በሌላ በኩል ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በ2000 እ.ኤ.አ. በሲድኒ ኦሊምፒክ በ10,000 ሜትር የተረከዝ ጅማቱ እያመመው ኬንያዊውን ፖል ቴርጋትን በ0.09 ሰከንድ ብቻ ቀድሞ ወርቅ ማግኘቱ «ሕመምን ችሎ መሮጥ ጀግንነት ነው» ለሚሉ ሰዎች ምሳሌ ሆኖ ሲነገር እሰማለሁ። ታሪኩ ከዚያ በኋላ እንደቀጠለ ግን አብሮ አይነገርም። ኃይሌ ከኦሊምፒኩ በኋላ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት፣ ለረጅም ወራት ከውድድር ራቀ፣ በ2001 በኤድመንተን የዓለም ሻምፒዮና ሲመለስም ሦስተኛ ወጣ። በ2008 በበርሊን ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ3 ደቂቃ ከ59 ሰከንድ የጨረሰው ይኸው ሰው ነው። ለኦሊምፒክ ፍጻሜ የሚከፈል ዋጋ ለአንድ ተራ የቅዳሜ ልምምድ አይከፈልም።

ታዲያ በዕረፍቱ ጊዜ ምን ልሥራ?

የተጎዳውን ቦታ የማያሳምም ማንኛውም እንቅስቃሴ ይፈቀዳል፤ ማረጋገጫው በሚሠሩበት ጊዜና በማግስቱ ጠዋት የሚሰማዎት ነው። ብስክሌት ለአብዛኛው የቅልጥምና የእግር መዳፍ ጉዳት ይስማማል፤ በጂም ውስጥ ያለውን የማይንቀሳቀስ ብስክሌት መጠቀም ደግሞ ከባጃጅና ከጭነት መኪና ግፊያ ያድናል። መዋኛ ገንዳ ማግኘት የሚችል ሰው ደረቱ ድረስ ወይም ከዚያ በላይ በሚደርስ ውኃ ውስጥ የሩጫን እንቅስቃሴ ማድረግ ይችላል፤ ውኃው የሰውነቱን ክብደት ስለሚሸከምለት እግሩ ሳይመታ ልቡ ይሠራል።

ብስክሌትም ገንዳም የሌለው ሰው በቤቱ የሚሠራው አያጣም። ለአኪለስ ጅማት በጣም የታወቀው ልምምድ ደረጃ ብቻ ይፈልጋል። የእግር ጣቶችዎን በደረጃው ጠርዝ ላይ አድርገው፣ ተረከዝዎ በአየር ላይ ሆኖ፣ ግድግዳ ይደገፉ፤ በሁለቱም እግር ከፍ ይበሉ፣ ከዚያ ጤነኛውን እግር አንሥተው በታመመው እግር ብቻ እስከ ሦስት እየቆጠሩ ቀስ ብለው ይውረዱ። 15 ጊዜ ሠርተው ያርፉ፣ እንዲህ ሦስት ዙር ይድገሙ። ሕመሙ ተረከዙ አጥንት ላይ ጅማቱ በተጣበቀበት ቦታ ከሆነ ግን ከደረጃው በታች ሳይወርዱ በመሬት ላይ ይሥሩት። የዳሌና የጭን ጡንቻዎችን ማጠንከርም ለጉልበት ሕመም ከማንኛውም ቅባት ይበልጥ ይጠቅማል።

አብረውኝ የሚሮጡት እየሄዱ ነው፤ አሰልጣኜም ቶሎ እንድመለስ ይፈልጋል። ምን ላድርግ?

ቡድን ባለበት ቦታ ከጉዳቱ ይልቅ የሚከብደው ይህ ነው። ለወጣት ሯጭ ማለዳ 12 ሰዓት ላይ ጓደኞቹ በደጁ ሲያልፉ ሰምቶ መተኛት ቀላል አይደለም፤ በመንደሩ «ተወው እንዴ?» እየተባለ መጠየቁም ይጨመርበታል። የእኔ ምክር ከቡድኑ ጨርሶ እንዳይለዩ ነው። ወደ ሜዳ ሄደው ሰዓት ይያዙ፣ ውኃ ያቀብሉ፣ ማፍታታቱን አብረው ይሥሩ፣ የማጠንከሪያ ልምምድዎን በዚያው ሰዓት ይሥሩ። አሰልጣኝዎን ደግሞ በአክብሮትና በግልጽ ያናግሩ፤ «ያመኛል» ከማለት ይልቅ ሐኪሙ የሰጠዎትን ቀንና መሥራት የሚችሏቸውን ነገሮች ዘርዝረው ቢያቀርቡለት ዕቅዱን ለማስተካከል ይመቸዋል። ጉዳቱን የደበቀ ሯጭን የሚረዳ አሰልጣኝ ሊኖር አይችልም። ሐዘኑ ከሳምንታት በላይ ቆይቶ እንቅልፍና ምግብ የሚከለክልዎት ከሆነ ይህንንም ለሐኪም መንገር ያስፈልጋል።

ጾም ላይ ሆኜ ማገገም እችላለሁ? ምግቡስ ምን ይሁን?

አጥንትና ጅማት የሚጠገኑት ከምግብ በሚገኝ ነገር ስለሆነ፣ «አሁን ስለማልሮጥ ትንሽ ልብላ» ማለት ማገገምን ያዘገያል። በረመዳን የሚጾም ሯጭ የማጠንከሪያ ልምምዱን ከኢፍጣር በኋላ ማድረግና በኢፍጣርና በሱሑር መካከል ፈሳሽና ፕሮቲን ያለበት ምግብ በቂ አድርጎ መውሰድ ይገባዋል፤ በእስልምና ሕመምተኛ ጾሙን ወደ ሌላ ቀን አዘግይቶ እንዲያካክስ የተፈቀደ በመሆኑም ከባድ ስብራት ያለበት ሰው ሐኪሙንና የሃይማኖት አባቱን ቢያማክር መልካም ነው። በኦርቶዶክስ ጾም ወራት ወተት፣ እንቁላልና ሥጋ ስለማይበሉ ሽሮ፣ ምስር፣ ባቄላ፣ ሰሊጥ፣ ሱፍና ጎመን በብዛት መብላት ያስፈልጋል፤ የንስሐ አባትም ለሕመምተኛ የሚሰጡት ምክር አለ። በጅማ በወቅቱ በርካሽ የሚገኘው አቮካዶ ጥሩ የኃይል ምንጭ ነው። ቡናን ማንም ሰው በጅማ ተዉ አይባልም፤ ነገር ግን ከምግብ ጋር ወይም ወዲያው ከምግብ በኋላ ሲጠጣ ከጤፍና ከጥራጥሬ የሚገኘውን አይረን ሰውነት በሚገባ እንዳይወስድ ስለሚያደርግ፣ አንድ ሰዓት ያህል ማቆየቱ ይሻላል።

ለሴት ሯጮችና ለወላጆቻቸው በተለይ መነገር ያለበት ጉዳይ አለ። ልምምድ ስትጨምር የወር አበባዋ የቀረባት ሯጭ «ሰውነቴ ለሩጫ ተስማማ» ብላ እንዳታስብ። ይህ ብዙውን ጊዜ ሰውነት ከሚያወጣው ኃይል ያነሰ ምግብ እያገኘ መሆኑን የሚያሳይ ምልክት ነው፤ አጥንትም በዚያው ይሳሳል፣ ስንጥቅም ይደጋገማል። ለሦስት ወር ከቀረ ሐኪም ዘንድ መሄድ ያስፈልጋል፤ ይህን ሳያስተካክሉ ስንጥቁን ብቻ ማዳን ለሚቀጥለው ስንጥቅ መዘጋጀት ይሆናል። በወንዶችም የኃይል እጥረቱ አጥንትን ይጎዳል፤ የሚያስታውቅ ምልክት ስለሌለው ግን ዘግይቶ ይታወቃል።

ወደ ሩጫ መመለስ እንደምችል በምን አውቃለሁ?

ቀን ቆጥሮ ሳይሆን ፈትሾ ነው። የተጎዳው ቦታ ሲጫኑት ማመም ማቆም አለበት፤ 30 ደቂቃ በፈጣን እርምጃ ለተከታታይ ቀናት ሲራመዱ በዕለቱም ሆነ በማግስቱ ምንም ሊሰማዎት አይገባም። በአንድ እግር ቆመው ተረከዝዎን ከፍ ዝቅ የሚያደርጉበት ቁጥር ከጤነኛው እግር ጋር መቀራረብ አለበት፤ 25 ጊዜ ጥሩ ግብ ነው። በመጨረሻም በተጎዳው እግር ብቻ 10 ጊዜ ያህል በቦታው ሲዘሉ ሕመም ከሌለ በር ተከፍቷል ማለት ይቻላል። የአጥንት ስንጥቅ የነበረበት ሰው የመዝለሉን ፍተሻ ሐኪሙ ሳይፈቅድለት አይሞክር።

እንዴት ልጀምር?

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው፣ በችኮላ የተጀመረ ሩጫ በሁለት ሳምንት ውስጥ ወደ ቤት ይመልሳል። በመጀመሪያው ቀን 4 ደቂቃ ተራምደው 1 ደቂቃ በሶምሶማ ይሩጡ፤ ይህን አምስት ጊዜ ይድገሙ፤ በቂ ነው። በማግስቱ አይሮጡም። ሕመም ካልመጣ ቀጣዩን ጊዜ 3 ደቂቃ በእግር፣ 2 ደቂቃ በሶምሶማ እያደረጉ ቀስ በቀስ ወደ 30 ደቂቃ ያልተቋረጠ ሶምሶማ ይድረሱ። ይህ ከ3 እስከ 6 ሳምንት ሊወስድ ይችላል። ርቀቱ ሳይረጋ ፍጥነት አይጨመርም፣ ሁለቱም በአንድ ሳምንት አይጨመሩም።

ከባዱ ጊዜ ሦስተኛውና አራተኛው ሳምንት ነው። ልብና ሳንባ በፍጥነት ስለሚመለሱ ትንፋሽዎ «አሁን መሮጥ ትችላለህ» ይላል፤ አጥንትና ጅማት ግን ገና እየተከተሉ ናቸው። በዚህ ጊዜ ራስን መግታት ከመላው ፕሮግራሙ የሚበልጥ ሥራ ነው።

ሕመምዎን ከ0 (ምንም የለም) እስከ 10 (ከሁሉም የከፋ) ቢለኩት፣ ለጅማት ጉዳት እስከ 2 ወይም 3 የሚደርስ ቀላል ሕመም፣ በማግስቱ ጠዋት ካልባሰ፣ ተቀባይነት አለው። ለአጥንት ጉዳት የሚፈቀደው ሕመም ዜሮ ነው።

ቦታውን በተመለከተ፣ ደረቅና ደልዳላ የሣር ሜዳ ወይም የተጠቀጠቀ አፈር ለጅማሮ ይስማማል። በሰፈር ውስጥ ያለው ኮብልስቶን በተለይ ሲርስ ያንሸራትታል፤ ወለምታ የነበረበት ሰው በመጀመሪያዎቹ ወራት ቢርቀው ይሻላል። በጅማ ዝናቡ ከበልግ ጀምሮ እስከ ክረምቱ መጨረሻ ስለሚዘልቅ፣ ጭቃ የሸፈነውን ጉድጓድ ሳያዩ ከመርገጥ ይልቅ በዝናባማ ቀን የሚራመዱበትን አስፋልት መምረጥ ወይም ቀኑን ማሳለፍ ይቻላል። ወደ ጅሬን፣ ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት የሚያወጣው ዳገት ደግሞ የመጨረሻው ደረጃ ነው። ሽቅቡ ባትንና አኪለስን፣ ቁልቁለቱ ጉልበትንና ጭንን ከደልዳላ መንገድ እጅግ አብልጦ ያስጨንቃል፤ 30 ደቂቃ ያለ ሕመም ከሮጡ ከሳምንታት በኋላ፣ መጀመሪያ ሽቅቡን በሶምሶማ ወጥተው ቁልቁለቱን በእግር ይውረዱ።

ጫማዬን መቀየር አለብኝ?

ሶሉ በአንድ በኩል ያለቀ፣ ሲጫኑት የማይመለስ ወይም ከ500 እስከ 800 ኪሎ ሜትር የተሮጠበት ከሆነ አዎ። ከሰልቫጅ ሲገዙ ላይ ላዩን አዲስ ቢመስልም ሶሉ በዕድሜ ብዛት ሊደርቅ ስለሚችል በእጅዎ አጥፈው ይፈትሹት። አዲስ ጫማ ከጉዳት በተመለሱበት የመጀመሪያ ቀን አይጀመርም፤ ቢያንስ ሳምንት ያህል ተራመዱበት።

ሕመሙ ተመልሶ ቢመጣስ?

በሩጫው መካከል ከተሰማዎት ያቁሙ፤ 2 ቀን አርፈው ከነበሩበት ደረጃ አንድ ደረጃ ዝቅ ብለው ይቀጥሉ። ብዙዎች አንድ ጊዜ እንዲህ ዓይነት መመለስ ያጋጥማቸዋል፤ ሁሉም ነገር እንደ አዲስ ተጀመረ ማለት አይደለም። በዚያው ደረጃ ላይ ለሦስተኛ ጊዜ ከተመለሰ ግን ዕቅዱ ሳይሆን ምርመራው ነው የሚደገመው፤ ያን ጊዜ የሮጡበትን ርቀት፣ የወሰዱትን መድኃኒትና ሕመሙ የመጣበትን ደቂቃ የጻፉበትን ማስታወሻ ይዘው ወደ ሐኪሙ ይመለሱ።